ሚካኤልን የቀበረው አማች

ስሬተን ወደ ሽማግሌው ቲሆሚር ቤት መጀመሪያ የገባው የአረቄ ማውጫ ጋን ሊጠግን ነበር። መዳብ ቀጥቃጭ ነው፤ ከጎሊያ ተራራ፣ አራት ወንድማማቾች ባንድ ጣሪያ ሥር ከሚጋፉበት ቤት የወጣ የመጨረሻ ልጅ። በሰርቦች አገር፣ በአሪልዬ ዙሪያ ባሉት መንደሮች መስከረም ሲጠባ ፕሪሙ ይረግፋል፣ የረገፈው ይጠነሰሳል፣ የተጠነሰሰው አረቄ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ወራት ጋኑ የሚያፈስበት ሰው ልጁ ከታመመበት ሰው እኩል ይጨነቃል። ቲሆሚርም ተጨንቆ አስጠራው።

ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር። ስሬተን ግን ጋኑን ደፈነ፣ ክዳኑን አቃና፣ ቱቦውን ጠረገ፣ በማግስቱ ተመልሶ መጥቶ ያልተሰበረውን እጀታ ነቅሎ እንደገና መግጠም ጀመረ። የቤቱ አንድያ ልጅ ዴሳንካ ደግሞ ማንም ሳያዛት ውሃ ታመላልስለታለች። የቲሆሚር ሚስት በመስኮት ስታይ ቆይታ ወደ ባሏ ዞረች።

«ይኼ ሰውዬ ወይ ሥራ አያውቅም፣ ወይ ልጃችንን ይፈልጋል» አለችው።

«ሁለቱም ሊሆን ይችላል» አላት ቲሆሚር።

እጀታው ለሦስተኛ ጊዜ ሲነቀል ቲሆሚር ራሱ ወደ ግቢው ወጣና ነገሩን ቆረጠው። «ስማኝ፣ የጎሊያ ሰው። እኔ ወንድ ልጅ የለኝም። ይቺ ልጅ ከዚህ ቤት አትወጣም። የምትፈልጋት ከሆነ አንተ ትገባለህ።»

«ይሁን» አለ ስሬተን። በሕይወቱ አብዝቶ የተናገራት ቃል ይቺ ናት።

በዚያ አገር ሴት ወደ ባሏ ቤት ስትገባ ዘፈን ይዘፈንላታል፤ ወንድ ወደ ሚስቱ ቤት ሲገባ ግን ይሳቅበታል። በሚስቱ ቤት ገብቶ የሚኖር ወንድ ውሻው እንኳ አይጮህለትም፣ ኮፍያውን የሚሰቅልበት ምስማር የለውም ይላሉ። የአጥር ጎረቤቷ ሚልካ፣ ምላሷ ከአጥሯ የሚረዝም ሴት፣ ስሬተንን መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር አታልፈውም ነበር።

«ስሬተን፣ ዛሬ ከቤት እንድትወጣ ተፈቀደልህ እንዴ?»

«ተፈቅዶልኛል» ይላታል። «አንቺን እንዳላናግር ግን አስጠንቅቀውኛል።»

ይህን ሁሉ ስሬተን ይችለው ነበር። ያልቻለው በራሱ እጅ ያመጣውን ነው፤ እሱም የሆነው በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው።

በሰርቦች ዘንድ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቅዱስ አለው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፣ በዓሉም ስላቫ ይባላል። ስሬተን ያደገበት ቤት የሚያከብረው ቅዱስ ሉቃስን ነው፤ የቲሆሚር ቤት ደግሞ ሚካኤልን። በጎሊያ በበዓሉ ጠረጴዛ ላይ ጧፍ ይበራል፣ ዳቦ ይቀመጣል፣ ወይን ይቀመጣል፣ በስኳርና በለውዝ የታሸ የስንዴ ንፍሮም ይቀርባል። ስሬተን በዋዜማው ጓዳውን ዘወር ብሎ ቢያይ ዳቦው አለ፣ ጧፉ አለ፣ ወይኑ አለ፤ ንፍሮው የለም። ሴቶቹ በመጋገሩ ተጠምደው ረሱት ብሎ ደነገጠ። ነገ በዚህ ሁሉ እንግዳ ፊት ቤቱ ሊዋረድ ነው! ማንንም ሳያስደነግጥ ስንዴውን ይዞ ወደ ጎተራ ሄደ፣ ራሱ በደፈነው የአረቄ ጋን ውስጥ ቀቀለው፣ ፈጨው፣ በስኳር አሸው፣ ከላዩም በለውዝ ቆንጆ መስቀል ሠራበት። እንቅልፍም ሳይተኛ ነጋለት።

በማግስቱ ቤቱ በእንግዳ ጢም ብሎ፣ ቄስ ዢቫን ጸሎቱን ሊጀምሩ ሲሉ፣ ስሬተን ንፍሮውን ከፍ አድርጎ ይዞ ገባ። ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። ቄሱ ንፍሮውን አዩ፣ ቲሆሚርን አዩ፣ ቆባቸውን አወለቁ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ሚካኤል» አለ ቲሆሚር። «አማቼ ቀበረው።»

ንፍሮ የሚቀቀለው በሥጋ ለሞቱት ቅዱሳን ነዋ! ሉቃስ ሰው ነው፣ ኖሯል፣ ሞቷል፤ ሚካኤል ግን መልአክ ነው፣ አይሞትም፣ ለሕያው ደግሞ ንፍሮ አይቀቀልም። ይህን በመንደሩ ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስሬተን ብቻ ሲቀር። ደህና አደርግ ብሎ ጉድ አፈላ። ሚልካ በሳቅ ጎኗን ይዛ ወጥታ ወሬውን ከራት በፊት ሦስት መንደር አደረሰችው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ሚካኤልን የቀበረው ስሬተን» ሆነ። ጋን ሊያስጠግን ከሩቅ የሚመጣው ሰው ሳይቀር «የቀባሪው ቤት የት ነው?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

ስሙንስ ለመደው። ያልለመደው ሌላ ነገር አለ። በበዓሉ ቀን ቄሱ ዳቦውን ከሥሩ በመስቀል ቅርጽ ይቆርጡታል፣ ወይን ያፈስሱበታል፣ ከዚያም ከአባወራው ጋር ይዘው እየዘመሩ ያዞሩታል፣ በመጨረሻ ለሁለት ይገምሱታል። ዳቦውን ከቄሱ ጋር የያዘ እሱ የቤቱ አባወራ ነው፤ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። በጎሊያ ዳቦውን የሚይዘው የስሬተን ታላቅ ወንድም ነው። እዚህ ቲሆሚር ነው። ስሬተን ጢሙ ሸብቶ፣ ሴት ልጁን ለባል ድሮ፣ አማቱን ቀብሮ፣ አንድም ዓመት ያቺን ዳቦ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ከዓለም የሚፈልገው ነገር ቢኖር ይህን ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ፣ የቲሆሚር እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ደፍሮ ጠይቆታል።

«አባባ፣ እጅዎ ከደከመ እኔ ልያዝልዎት?»

«እጄ ሲደክም እነግርሃለሁ።»

«ይሁን።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ቲሆሚር ሞኝ አልነበረም፣ አያያዙ ግን ከዚያ አያንስም። አባቱ ሊሞት ሲል «ዳቦው ከስታሜኒች ዘር እጅ እንዳይወጣ» ብሎት ነበር፤ ስሬተን ደግሞ ስታሜኒች አይደለም፣ በዚያ ላይ ቀባሪ ነው። ለሥራው ሲሆን ግን ዘር አልተጠየቀም። በስላቫ ቀን አባወራ አይቀመጥም፤ ከመጀመሪያው እንግዳ እስከ መጨረሻው ቆሞ ያስተናግዳል። የቲሆሚር ጉልበት ከደከመ በኋላ ቁም ሳጥኑን ተደግፎ መቆም ጀመረ፤ «መደገፍ መቀመጥ አይደለም» ይላል። ትሪውን የሚያዞረው፣ አረቄውን የሚቀዳው፣ የእንግዳውን ካፖርት ተቀብሎ የሚሰቅለው ስሬተን ነው። ቲሆሚር አባወራ ሆኖ ይደገፋል፣ ስሬተን ምንም ሳይሆን ይቆማል።

እንዲህ እንዲህ ሲል አንድ ዓመት፣ በዓሉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ ቲሆሚር አልጋ ያዘ። ሐኪሙ ጉንፋን ነው አለ። ቲሆሚር ግን የሚያውቀውን ያውቃል።

«ምን ጉንፋን! ነፋስ ነው የመታኝ። ይኼ አማቼ ሁለት መስኮት ትይዩ ከፈተብኝ። መልአኩ አልበቃው ብሎ ወደ እኔ መጣ።»

ዴሳንካ የሱፍ ካልሲ አረቄ ውስጥ ነክራ እግሩ ላይ አጠለቀችለት፤ ለነፋስ መድኃኒቱ ይኸው ነው።

«ልጄ» አላት፣ «አረቄውን እግሬን ከምታጠጪው አፌን ብታጠጪው አይሻልም?»

«አፍህ ጠግቧል። ይልቅ ንገረኝ፣ በዓሉ ደረሰ፣ አንተ መቆም አልቻልክም። ዳቦውን ማን ይይዛል?»

ስሬተን ያኔ ማገዶ ታቅፎ ከመኝታ ቤቱ በር ውጭ ነበር። ቆሞ አዳመጠ።

«ለጎይኮ ደውዪ» አለ ቲሆሚር። «የወንድሜ ልጅ። ከቤልግሬድ ይምጣ። ስታሜኒች እሱ ብቻ ነው የቀረው።»

ስሬተን ማገዶውን ምድጃው አጠገብ አስቀመጠ፤ አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳያሰማ ደረደረው። ዴሳንካ ከመኝታ ቤቱ ስትወጣ ፊቷ ከምድጃው በልጦ ይፋጅ ነበር።

«ይሁን እንዳትለኝ» አለችው የሊጥ መዳመጫውን አንሥታ። «አንድ ጊዜ ይሁን ብትለኝ በዚህ መዳመጫ ነው የምመታህ።»

«የአባትሽ ቤት ነው።»

«ጣሪያውን ማን ቀየረው?»

«እኔ።»

«እናቴ ስትታመም ማን ተሸክሞ መኪና ላይ አወጣት?»

«እኔ።»

«ሚካኤልንስ ማን ቀበረው?»

«እሱንም እኔ ነኝ» አለ ስሬተን፤ ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ስሬተን ዓይኑን ከምድጃው ሳያነሣ «ዴሳንካ፣ ከፋኝ» አላት። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። መዳመጫውን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ዱቄት በነካው እጇም ፀጉሩን ዳበሰችው።

የሚካኤል ዕለት ጎይኮ በማለዳ ደረሰ። መኪናው ያብረቀርቃል፣ ጫማው ያብረቀርቃል፤ በቤልግሬድ ፎቅ ቤት የሚሸጥ፣ አፉም የማያርፍ፣ ክፉ የማይባል ሰው ነው። አጎቱን ሳመ፣ «ደህና ይሆናሉ» አለ፣ ከዚያ ወጥቶ ከጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጠ። ዴሳንካ ባሏን አየችው፣ ባሏ ጣሪያውን አየ።

«ጎይኮ ወንድሜ» አለው ስሬተን በለሆሳስ፣ «ዛሬ አባወራ አይቀመጥም እኮ።»

«ከቤልግሬድ ድረስ ነዳሁ፣ እግሬ አልቋል። ቄሱ ሲመጡ እነሣለሁ። እስከዚያ ሳርማ ነገር ካለ?»

ስሬተን በጎመን ቅጠል የተጠቀለለውን የሥጋ ሳርማ አመጣለት። ጥፋቱ የጎይኮ አይደለም፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ሰው አላገኘም።

ቲሆሚር ከመኝታ ቤት ተጣራ። በሩን ክፍት ተዉልኝ፣ ማን እንደመጣ በድምፁ ልለይ አለ። ነፋሱስ ሲሉት፣ በስላቫ ቀን ነፋስም እንግዳ ነው ብሎ ዘጋቸው። በሩ ተከፈተና ሽማግሌው ትራሱን ተደግፎ ጆሮውን አቀና።

እንግዶቹ መምጣት ጀመሩ። ለስላቫ ማንም ማንንም አይጠራም፤ የሚመጣ ይመጣል። መጀመሪያ የገባው የወፍጮው ባለቤት ነበር። ስሬተን ትሪ ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ በትሪው ላይ ማርማላታ፣ ማንኪያና ውሃ አለ። ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ ሦስት ጊዜ ሳመው።

«እንኳን አደረሰህ፣ አባወራ።»

«አይ፣ አባወራው እንኳ መኝታ ቤት ናቸው» አለ ስሬተን። «ዳቦውን ደግሞ ጎይኮ ነው የሚይዘው።»

«ጎይኮ ማነው?»

ስሬተን በአገጩ ወደ ጠረጴዛው አመለከተ። ሰውዬው ጎይኮን አየ፣ ሳርማውን አየ፣ ሄዶ ተቀመጠ። ቀጥሎ መምህሩ ከነሚስቱ ገቡ። «እንኳን አደረሰህ፣ አባወራ።» ስሬተን እንደገና አስረዳ። ከዚያ እንጆሪ አትክልተኞቹ መጡ፣ ከዚያ ከማዶ መንደር ጋን ያስጠገኑ ሰዎች። ሁሉም በር ላይ ያገኙትን፣ የቆመውን ሰው፣ አባወራ ይሉታል። ስሬተን ማስረዳቱ ሰለቸው፤ በኋላማ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ማለት ጀመረ፤ ባለ ቁጥርም የሰረቀ ያህል ጆሮው ይቀላ ነበር። ከመኝታ ቤቱ ሳል ይሰማል፣ ድምፅ ግን የለም።

ሚልካ በእርጅናዋም አልቀረችም። በዱላ እየተመረኮዘች ገብታ ስሬተንን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እንኳን አደረሰህ፣ ሚካኤልን የቀበርከው። አባወራዬ፣ ና ሳመኝ እንጂ!»

ከዚያም ከጎይኮ ጎን ሄዳ ተቀመጠች፤ አዲስ ሰው ስታይ ዝም የማለት ልማድ የላትም።

«አንተስ የማን ነህ?»

«ስታሜኒች ነኝ፣ እማማ። የቲሆሚር የወንድም ልጅ።»

«አይ ጥሩ! ታዲያ የእናንተም ስላቫ ዛሬ አይደል እንዴ? ቤልግሬድ ጧፉን ማን አበራው?»

ጎይኮ ሳርማውን ዋጠ። የዋህ ስለሆነ እውነቱን ተናገረ።

«አባቴ ከሞተ ወዲህ ትተነዋል። አፓርታማ ነው እማማ፤ ጧፉ ይጨሳል፣ ሚስቴ ደግሞ አዲስ መጋረጃ ሰቅላለች። ሰዉም እኮ ሳይጠራ ነው የሚመጣው፣ ማን ይችለዋል?»

ሹካዎች ቆሙ። የወፍጮው ባለቤት ብርጭቆውን አፉ ሳያደርስ መልሶ አስቀመጠ። ስሬተን ግን ሰዉን አልነበረም የሚያየው፤ የመኝታ ቤቱን በር ነበር። ሳሉ ቆሟል። አሁን ሽማግሌው ምን ያህል ከፋው ብሎ አዘነለት፤ በራሱ ላይ የሆነውን ረስቶ አዘነለት።

በዚህ መሃል ቄስ ዢቫን እያለከለኩ ገቡ። በሚካኤል ቀን ቤቱ ብዙ ነው፣ ቄሱ አንድ ናቸው፤ በየቤቱም አንድ አንድ መቅመስ ግድ ነውና ፊታቸው ቀልቷል። መጽሐፋቸውን ገለጡ፣ መስቀላቸውን አወጡ፣ ዳቦውን ባረኩ፣ ከሥሩ ቆረጡ፣ ወይኑን አፈሰሱበት።

«ቶሎ ቶሎ እንበል፣ ገና ብዙ ይጠብቀኛል። አባወራው የታል?»

ጎይኮ እጁን በመሐረብ እየጠረገ ተነሣ። «እኔ ነኝ መሰለኝ» አለ።

«መሰለኝ?» አሉ ቄሱ።

ያኔ የውጭው በር ተንኳኳ። በስላቫ ቀን በር አይቆለፍም፣ ማንም አያንኳኳም፤ ገፍቶ ይገባል። ሁሉም ዞረ። ስሬተን ትሪውን እንደያዘ ሄዶ ከፈተ።

ቲሆሚር ነበር። ከመኝታ ቤቱ በጓሮ በር ወጥቶ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ቤቱን ዞሮ መጥቷል። ከሌሊት ልብሱ በላይ የሰንበት ካፖርቱን ደርቧል፣ እግሩ ላይ አረቄ አረቄ የሚሸት ካልሲው አለ፣ ኮፍያውን አድርጓል። በገዛ እጁ የሠራውን በር እያንኳኳ እንደ ልጅ ያለከልካል። ስሬተንን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«እንኳን አደረሰህ፣ አባወራ» አለው። «ሳልጠራ መጣሁ።»

«አባባ...» አለ ስሬተን፣ «ብርድ ነው፣ እርስዎ...»

«እንግዳ በር ላይ አይገተርም። ታስገባኛለህ ወይስ ሚልካ ቤት ልሂድ?»

«እኔ እዚህ ነኝ፣ ቤቴ ማንም የለም» አለች ሚልካ ከውስጥ።

ዴሳንካ ትሪውን ከባሏ እጅ ወሰደች። ሽማግሌው ስሬተንን ሦስት ጊዜ ሳመው፤ አንገቱን ይዞ፣ አጥብቆ። ከዚያ ኮፍያውንና ካፖርቱን እንደማንም እንግዳ አስረከበው፣ በሌሊት ልብሱ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፣ ጎይኮንም ትከሻውን መታ አደረገው።

«ጠጋ በል ልጄ፣ እንግዳ መጣ።»

ተቀመጠም። አባቱ ከሞተ ጀምሮ በሚካኤል ቀን ቲሆሚር ሲቀመጥ ያየ ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ቄስ ዢቫን ማንንም ደግመው አልጠየቁም፤ ዳቦውን አንሥተው ወደ ስሬተን ዘረጉለት።

ስሬተን ካፖርቱን መምህሩ ላይ ጥሎ ሄደ። ዳቦው ገና ትኩስ ነበር፣ ካሰበው በላይም ይከብዳል። ይዘው ያዞሩት ጀመር፣ ሰዉም ቆሞ አብሮ ዘመረ። ስሬተን ዜማውን ከሁሉም አብልጦ ያውቀው ነበር፤ እንባው ግን ከጢሙ እየወረደ ዳቦው ላይ ይንጠባጠባል።

«ስሬተን፣ ልጄ» አሉ ቄሱ ዝማሬውን ሳያቋርጡ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ «ወይኑ ይበቃዋል።»

ዳቦውን ሳሙ። «ክርስቶስ በመካከላችን» አሉ ቄሱ። «አለ፣ ይኖራልም» አለ ስሬተን፣ በጭንቅ። ሲገምሱት ትልቁ ቁራሽ ለስሬተን ደረሰው፤ ይዞት ቆመ፣ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ቲሆሚር ከወንበሩ ባዶ ብርጭቆ አነሣ።

«አባወራ» አለ፣ «እንግዳህ ተጠምቷል።»

ስሬተን ዳቦውን አስቀምጦ፣ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ፣ ጠርሙሱን አመጣና ቀዳለት።